የሰርጉ ካሴት ኮምፒውተር ላይ እስኪደርስ፦ የድሮ ቪዲዮ ካሴቶችን ቤት ውስጥ መገልበጫ መመሪያ

እህቴ የተዳረችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሰርጓ በቪኤችኤስ ተቀርጾ ለዓመታት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ሰጥቼ ወደ ዲቪዲ አስገለበጥኩት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲያየው ሙሽሮቹ አጥረውና ጎናቸው ሰፍቶ ብቅ አሉ። ይሄስ ይሁን። እናቴ ግን እልል ስትል አፏ ከተዘጋ በኋላ ነው እልልታው የሚሰማው። «አሁን ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጎረቤት ነው እልል የሚለው?» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን በገንዘቤ በገንኩ።

ካሴቱን አውጥቼ ራሴ ሞከርኩት። ሦስቴ ተበላሽቶብኝ በአራተኛው ተሳካ። ከዚያ ወዲህ የዘመድ አዝማዱ ካሴት እኔ ጋ መምጣት ጀመረ፤ የክርስትናው፣ የምርቃቱ፣ አጎቴ ከዋሽንግተን መጥቶ የቀረጸው ጥምቀት። ከታች ያለው ሁሉ ከነዚያ ካሴቶች የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ አንድ ልዩነት ያዙ። ዲጂታል ካሴት ላይ ያለው ቪዲዮ ቁጥር ነው። ስለዚህ እንዳለ ይገለበጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያርፈው ካሴቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አናሎግ ካሴት ላይ ያለው ግን ሲግናል ነው። እየተጫወተ እንደ አዲስ ይቀረጻል፤ ጥራቱ በዴኩ፣ በገመዱና በመቅረጫው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ ካሴት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። እኔ ሳላውቅ ገዝቼ ገንዘቤን አቃጥያለሁ።

የያዛችሁት የትኛው ነው?

ትልቁ፣ መጽሐፍ የሚያክለው ጥቁር ካሴት ቪኤችኤስ ነው፤ አናሎግ። ቪኤችኤስ-ሲ የሚባል ትንሽ ወንድም አለው። እሱ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በተራ ዴክ ይጫወታል። ይህ ማቀፊያ ብዙ ሰው አሳስቷል። «ለትንሿ ካሴትም ማቀፊያ ፈልግልኝ» የሚሉኝ አሉ። የለም። የሌሎቹ ካሴቶች ክር ራሱ ስለሚቀጥን ቪኤችኤስ ዴክ በምንም ተዓምር አያጫውታቸውም።

የሙዚቃ ካሴት የሚያክል፣ ግን ወፈር ያለ ከሆነ የ8 ሚሊሜትር ቤተሰብ ነው። እዚህ ጋ ሦስት ዓይነቶች አሉ፦ ቪዲዮ8፣ ሃይ8 እና ዲጂታል8። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አናሎግ ናቸው፤ ሦስተኛው ዲጂታል። መልካቸው ግን አንድ ነው። ይባስ ብሎ ዲጂታል8 ካሜራ የሚቀርጸው በሃይ8 ካሴት ላይ ስለነበር፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። የተቀረጸበትን ካሜራ ፈልጉና ሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትለው ሚኒዲቪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣች ዲጂታል ካሴት ነች። በኋላ ኤችዲቪ የሚባሉ ካሜራዎች በዚችው ካሴት ላይ ኤችዲ መቅረጽ ጀመሩ፤ አገላበጡ ይቀራረባል፤ ፕሮግራሙ ግን ኤችዲቪን የሚያውቅ ይሁን።

ፓል፣ ኤንቲኤስሲ እና 220 ቮልት

ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ካሴት ባብዛኛው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 576 መስመር። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ የቀረጸው ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 30 ሊሆን ጥቂት የጎደለው ፍሬም፣ 480 መስመር። ድሮ የሰርግ ካሴት ወደ አሜሪካ ተልኮ ዘመድ «ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይዘላል» ብሎ የደወለው ለዚህ ነው። ካሴቱ አልተበላሸም፤ ዴኩና ቴሌቪዥኑ ቋንቋውን አላወቁትም።

ካሴቱን ከነካሜራው ካገኛችሁ ጣጣ የለውም። ካልሆነ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ፈልጉ። እኛ አገር የተሸጡት ብዙዎቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ፤ ከአሜሪካ የመጣ ዴክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲ ብቻ ነው።

ዴኩን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። አሜሪካ የተሸጡ ዴኮች ብዙዎቹ የ120 ቮልት ናቸው። በኛ 220 ላይ ሲሰኩ ጭስ ይወጣቸዋል። ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የካሜራ ቻርጀሮች ግን ባብዛኛው ከ100 እስከ 240 ይቀበላሉ፤ እሱም ላያቸው ላይ ተጽፏል።

ዴክ የሌላችሁ ቶሎ ፈልጉ። ቪኤችኤስ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። አሁን ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው። ምናለሽ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ዘመድ ጠይቁ። ዴክ የሌለው ቤት እንጂ ዴኩን የጣለ ቤት ብዙም አላጋጠመኝም፤ ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ይገኛል።

ካሴቱን ከማስገባት በፊት

በካሴቱ መስኮት አይታችሁ የተጠቀለለውን ክር መርምሩ። ነጭ ዱቄት ወይም ድር የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው። አታስገቡት። የዴኩን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ንጹህ ካሴትም ይበክላል። እንዲህ ያለው ለባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ቀጥሎ በላዩ ላይ እንዳይቀረጽበት ዝጉት። ቪኤችኤስ ላይ በጀርባው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብሩ። በትንንሾቹ ላይ የምትንሸራተት ቁልፍ አለች። ይህን ሳያደርግ ቀዩን ቁልፍ በስህተት ተጭኖ የልጁን የመጀመሪያ ልደት በጥቁር ስክሪን የሸፈነ ሰው አውቃለሁ። 40 ሰከንድ ነው የጠፋው፤ ሻማው የጠፋበት 40 ሰከንድ።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል። ፕሌይ ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ወደፊት አሩጡት፣ ከዚያ ወደኋላ አጠንጥኑት። ቀዝቃዛ ቦታ የነበረ ካሜራና ካሴት ሞቅ ያለ ክፍል ከገባ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይረፍ። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ክሩ ከበሮው ላይ፣ ሄዱን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል ላይ፣ ይለጠፋል። ካሜራው ራሱ የጤዛ ምልክት አብርቶ አልሠራም ሊል ይችላል፤ አትታገሉት።

ጥሩ ቀን የምትሉትን ካሴት የመጀመሪያ አታድርጉ። ዴኩን መጀመሪያ በማይረባ ካሴት ፈትኑት። የድሮ ድራማ የተቀዳበት ካሴት የሌለው ቤት የለም። ዴኩ ክር የሚበላ ከሆነ ሰርጉን ሳይሆን ድራማውን ይብላ።

ምስሉ በበረዶ ከተሸፈነ ሄዱ ቆሽሿል ማለት ነው። ማጽጃ ካሴት ካላችሁ አሥር ሰከንድ ይበቃል፤ ማብዛት ሄዱን ይፍቀዋል። በእጅ ከሆነ ንጹህ አልኮል የነካ፣ ጭረት የሌለው ስስ ወረቀት ከበሮው ላይ ደግፋችሁ ከበሮውን በጣት አዙሩት። ወደላይና ወደታች በጭራሽ አትፈትጉ። ጥጥም አትጠቀሙ፤ ጭረቱ ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል።

ዲጂታሉ፦ ሚኒዲቪ እና ዲጂታል8

ካሜራው ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ መሰኪያዎች ታገኛላችሁ። አንዷ ዩኤስቢ ናት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሰካው እሷን ነው፤ ሁሉም ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። በአብዛኞቹ ሚኒዲቪ ካሜራዎች ላይ ዩኤስቢው ለፎቶ ወይም ለደካማ የዌብካም ምስል ነው። ቪዲዮው በሙሉ ጥራት የሚወጣው ዲቪ ወይም አይሊንክ ተብሎ በተጻፈባት፣ አራት ፒን ባላት መሰኪያ ነው። ስሟ ፋየርዋየር ነው፤ አይሊንክ ሶኒ ያወጣላት ስም ነው።

ችግሩ የዛሬ ኮምፒውተሮች ፋየርዋየር የላቸውም። ገበያ ላይ አንዱ ጫፉ ፋየርዋየር፣ ሌላው ዩኤስቢ የሆነ ርካሽ ገመድ ታያላችሁ። አትግዙት። ሁለቱ የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ጫፍ መቀየር ብቻ አይሠራም። እኔ ሁለት ገዝቻለሁ፤ ሁለተኛውን የገዛሁት የመጀመሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነው።

የሚሠራው ይሄ ነው። ዴስክቶፕ ካላችሁ ውስጡ የሚገባ የፋየርዋየር ካርድ ግዙ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ሾፌሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አንዳንዴ ወደ አሮጌው መቀየር ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ከሆነ ከሁሉም የሚቀለው አሮጌ ላፕቶፕ መፈለግ ነው። ከ15 እና 20 ዓመት በፊት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ያችን አራት ፒን መሰኪያ ይዘው ነው የመጡት። ማክ ላይ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የወጡት አብዛኞቹ ማክቡክ ፕሮዎች ፋየርዋየር አላቸው፤ እዚያ ላይ አይሙቪ ወዲያው ያነበዋል። ከማክኦኤስ 26 ጀምሮ ግን አፕል ፋየርዋየርን ጨርሶ ስላስወገደው ወደ እሱ የተሻሻለ ማክ አይሠራላችሁም።

ገመዱን ስትሰኩ ካሜራውም ኮምፒውተሩም ጠፍተው ይሁኑ። ትልቁ፣ ስድስት ፒን ያለው ጫፍ ኃይል ይሸከማል። ተገልብጦ ከገባ ወይም እየበራ ከተሰካ የካሜራውን መሰኪያ ያቃጥለዋል፤ ያ ከተቃጠለ ሌላ ካሜራ መፈለግ ነው።

ከዚያ ካሜራውን በባትሪ ሳይሆን በቻርጀሩ አብሩትና ማብሪያውን ወደ ፕሌይ ወይም ቪሲአር አዙሩት። ካሜራው ቀን አስገባ ካለ ዝለሉት፤ ካሴቱ ላይ ያለውን ቀን አይነካውም።

ዊንዶውስ ላይ እኔ የምጠቀመው ዊንዲቪ ነው። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ መልኩ የ1990ዎቹ ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል። በማስተካከያው ውስጥ ዓይነት 2 ኤቪአይን ምረጡ። ካሜራው ተቋርጦ በጀመረ ቁጥር አዲስ ፋይል እንዲከፍት ማድረግም ይቻላል፤ የካሴቱን የቀን ምልክት እያየ ይቆርጠዋል። የጥምቀቱ ቀን አንድ ፋይል፣ ማግስቱ ሌላ ፋይል ሆኖ ይመጣል። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሳችሁ ካፕቸር ስትሉ ካሜራው ራሱ ይነሳል። ሊኑክስ ላይ ዲቪግራብ ይህንኑ ያደርጋል።

በሥራው ላይ ሳለ የሚታየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የጠፉ ፍሬሞች። ዜሮ ይሁን። ከጨመረ ሃርድ ዲስኩ አልደረሰለትም ማለት ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉና ድገሙት። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም። ፋይሉም በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይወጣዋል። ሃርድ ዲስካችሁ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልምና መጀመሪያ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት፤ ሲቀየር ውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ምስሉ ላይ አልፎ አልፎ ትንንሽ ካሬዎች ከታዩ ካሴቱ ተጎድቷል ወይም ሄዱ ቆሽሿል። አጽድታችሁ ያን ቦታ ብቻ እንደገና አንሱት። ኤልፒ በሚባለው፣ 60 ደቂቃውን ወደ 90 በሚያስረዝመው አሠራር የተቀረጸ ካሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቀረጸበት ካሜራ ብቻ ነው በደንብ የሚጫወተው።

አናሎጉ፦ ቪኤችኤስ፣ ቪዲዮ8 እና ሃይ8

ሰርጋችን ያለው እዚህ ነው፤ ጣጣውም እዚህ ነው።

ለ8 ሚሊሜትር ካሴቶች መጀመሪያ የሶኒ ዲጂታል8 ካሜራ የሚያውሳችሁ ሰው ጠይቁ። ከነዚህ ካሜራዎች ብዙዎቹ አናሎጎቹን ቪዲዮ8 እና ሃይ8ም ያጫውታሉ፤ እያጫወቱም ወደ ዲጂታል ቀይረው በፋየርዋየር ያወጣሉ። ያኔ ከላይ ያለውን መንገድ ተከተላችሁ ማለት ነው። የኋላ ኋላ የወጡት አንዳንዶቹ አናሎጉን ስለማያጫውቱ በካሴት ሞክሩ።

ለቪኤችኤስም ተመሳሳይ ዘዴ አለ። የዴኩን ገመድ ሚኒዲቪ ካሜራ ላይ ሰክቶ በፋየርዋየር ማሳለፍ ይቻላል፤ ካሜራው ሲግናል መቀበያ ካለው። አውሮፓ የተሸጡ ካሜራዎች ላይ ግን ይህ መግቢያ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ከውጭ ሲግናል ተቀብሎ መቅረጽ የሚችል መሣሪያ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር አምራቾቹ ዘጉት።

ይህ ሁሉ ከሌለ ወደ ዩኤስቢ መቅረጫ እንሄዳለን፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ በአንድ በኩል፣ ዩኤስቢ በሌላ በኩል ያላት ትንሽ ነገር። ኢዚካፕ እየተባሉ የሚሸጡት ርካሾቹ መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ይለያያል። አንዷ ጥሩ ትሠራለች፣ መንትያዋ ድምፅ አታወጣም። መመለስ ከሚቻልበት ሱቅ ግዙ።

አገናኙ። ቢጫው ምስል ነው፤ ነጭና ቀዩ የግራና የቀኝ ድምፅ። ካሜራችሁ ወይም ዴካችሁ ክብ፣ አራት ቀዳዳ ያላት ኤስ-ቪዲዮ መሰኪያ ካለው ቢጫውን ተዉትና እሷን ተጠቀሙ። ብርሃንና ቀለሙን ለየብቻ ስለምታሳልፍ የቀለም መፍሰሱ ይቀንሳል፤ በነጭ ቬሎ ጠርዝ ላይ የሚታየው ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር ይጠፋል። ሃይ8 ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ አላቸው። የካሜራው ገመድ ጠፍቶ ሌላ ከተጠቀማችሁና ቢጫው ምስል ካልሰጠ ቀዩን በቢጫው ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ የሽቦው አቀማመጥ ከአምራች አምራች ይለያያል።

ድምፁን ፈጽሞ በኮምፒውተሩ የማይክ መሰኪያ አታስገቡ። የእናቴ እልልታ የዘገየው ለዚህ ይመስለኛል። ምስሉ በአንድ መሣሪያ፣ ድምፁ በሌላ ሲገባ የሁለቱ ሰዓት አንድ ዓይነት አይቆጥርም። ሲጀምር አይታወቅም። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ትንሽ ይዘገያል፣ ኬክ ሲቆረጥ ሙዚቃው ሌላ ሰርግ ላይ ነው። ድምፁም በዚያችው መቅረጫ ይግባ።

ሶፍትዌሩ፦ ከመቅረጫዋ ጋር በሲዲ የሚመጣውን ተዉት። ለጀማሪ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ይበቃል፤ ነጻ ነው። አዲስ ምንጭ ጨምሩና የቪዲዮ መቅረጫ መሣሪያን ምረጡ። በውስጡ የቪዲዮ ስታንዳርዱን ፓል አድርጉ፤ የአሜሪካው ካሴት ከሆነ ኤንቲኤስሲ። ቀለሙ ጠፍቶ ወይም ምስሉ እየተንከባለለ ከመጣ ስህተቱ እዚህ ነው።

መጠኑን ለፓል 720 በ576 በሉት። የሸራውንና የውጤቱን መጠን ግን 768 በ576 አድርጉ፣ ምስሉንም ሸራው እስኪሞላ ዘርጉት። ለኤንቲኤስሲ ሸራው 640 በ480 ነው። ሙሽሮቹ እንዳይሰፉ የሚያደርገው ይህ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ3 ነበር፤ ሱቁ ግን የእህቴን ሰርግ ወስዶ ሰፊ ስክሪን ላይ ጎተተው።

ቀጥሎ መስመሮቹ። አናሎግ ቪዲዮ አንዱን ፍሬም በሁለት ግማሽ ነው የሚስለው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ ከዚያ ሙሉዎቹን። ኮምፒውተር ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሳይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። እስክስታ ላይ ትከሻው ሁሉ ማበጠሪያ ነው። ኦቢኤስ ውስጥ ምንጩን በቀኝ ተጭናችሁ ከዲኢንተርሌሲንግ ያዲፍ 2ኤክስን፣ ከሥሩም የላይኛው መስመር ይቅደም የሚለውን ምረጡ። የፍሬሙን ፍጥነት ለፓል 50፣ ለኤንቲኤስሲ 59.94 አድርጉ። ያኔ ሁለቱም ግማሾች ራሳቸውን ችለው ይወጣሉ፤ እስክስታው እንደ ድሮው ይለሰልሳል።

ውጤቱን በኤምኬቪ አስቀምጡ። መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል፤ ተራው ኤምፒ4 ግን በመሃል ከተቋረጠ ፋይሉ አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዴኩ ቢጠፋም ያለው አይጠፋም። መብራት ሲመለስ ዴኩ ካሴቱን ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ፣ በእጅ አትጎትቱ።

ከመጀመራችሁ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የካሜራ ጽሑፍ፣ ባትሪና ቆጣሪ ከማውጫው አጥፉት። አለዚያ እሱም አብሮ ይቀረጻል። ምስሉ ከታች ወይም ከላይ በነጭ ጭረት ከተቆረጠ የዴኩን ትራኪንግ ቁልፍ በዝግታ አስተካክሉ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ቀርጻችሁ አቁሙና አጫውቱት። ድምፁ አለ? ቀለሙ አለ? ፊት አልሰፋም? እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው።

ካሴቱ ያረጀ ከሆነ የምስሉ አናት እንደ ባንዲራ ይወዛወዛል፤ መቅረጫዋም ምስሉ ጠፋብኝ እያለች ትቆማለች። በቪዲዮ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ብልሃት አለ። ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 ወይም ኢኤስ15 የሚባለውን የዲቪዲ ሬኮርደር በዴኩና በመቅረጫዋ መሃል ማስገባት። ዲቪዲ አትቀርጹበትም፤ ሲግናሉ አልፎበት ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሲያልፍ ግን ይስተካከላል። የእህቴን ካሴት ያዳነው እሱ ነው፤ ሦስቴ የተበላሸብኝም እሱ ስላልነበረኝ ነው።

የበለጠ ጥራት የሚፈልግ ቨርቹዋልደብ2ን ጥራት ሳያጎድሉ በሚጨምቁት በሃፍዋይዩቪ ወይም በላጋሪዝ ይቅረጽ። ፋይሉ በሰዓት 30 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ለሁሉም ካሴት ዋጋ ያለው አይመስለኝም። ለሰርግና ለሞቱ ሰዎች ግን አደርገዋለሁ።

ካሴት የሌላቸው ካሜራዎች

እነዚህ ቀላል ናቸው። በሃርድ ዲስክ ወይም በካርድ የሚቀርጹት በዩኤስቢ ሲሰኩ እንደ ፍላሽ ይከፈታሉ። ኤምቲኤስ ፋይሎቹን እየለቀማችሁ አታውጡ፤ ኤቪሲኤችዲ የሚለውን ፎልደር በሙሉ ውሰዱት። ረጅም ቀረጻ ከሆነ ካሜራው ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቀኑና መገጣጠሚያው ያለው በሌሎቹ ፎልደሮች ውስጥ ነው።

በትንሽ ዲቪዲ የሚቀርጹት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲስኩ ካሜራው ውስጥ ፋይናላይዝ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ይላል። ካሜራው ካለ ከማውጫው ፋይናላይዝ በሉት። ዲስኳን ደግሞ መሳቢያ በሌለው፣ በቀጭን ቀዳዳ በሚውጥ ማጫወቻ አታስገቡ። ትቀራለች።

ለማየት የሚሆን ቅጂ

ከካሴቱ የወጣውን ዋናውን ፋይል አትንኩ። አትጨመቁት፣ አታሳድጉት፣ ቀለሙን አታስተካክሉ። እሱ አሁን ካሴታችሁ ነው። ለቤተሰብ የሚሆነውን ሌላ ቅጂ በሃንድብሬክ ሥሩ፤ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ ጥራቱ 18 አካባቢ። ከዲቪ የመጣ ከሆነ ዲኢንተርሌሱን ቦብ ላይ አድርጉ። ዲቪ ከአናሎጉ በተቃራኒ የታችኛውን መስመር ነው የሚያስቀድመው፤ ሃንድብሬክ ራሱ ያውቀዋል፣ ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ግን ንገሩት። ከተሳሳተ ሰዎቹ ወደፊት አንድ ርምጃ ሄደው ወደኋላ ግማሽ ሲመለሱ ታያላችሁ።

ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል አድርጋችሁ ላኩት፤ በቪዲዮ ከላካችሁት እንደገና ይጨምቀዋል። ያልተከፈለበት ቴሌግራም ለአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ነው ወሰኑ። ዋናው ፋይል ግን በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ጋ። ካሴቱንም አትጣሉ። ወደኋላ አጠንጥናችሁ፣ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከስፒከር ራቅ ይበል።

ስምና ቀን

ፋይሎቹን «ሰርግ 1»፣ «ሰርግ 2» እያላችሁ አትተዉ። የፈረንጁን ቀን ከዓመቱ ጀምራችሁ ብታስቀድሙ ኮምፒውተሩ በተራ ይደረድረዋል፤ ከጎኑ የኛን ቀን ጻፉ። አጎቴ የቀረጸው ጥምቀት እኔ ጋ ያለው «2000-01-20 ጥምቀት ጥር 11 1992 ጃን ሜዳ» ተብሎ ነው። ቪዲዮው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምም አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስፍሩ። እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ይሄ ማነው?» እያላችሁ። ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ ሶፍትዌር የለም።

ካሴቱ ላይ የታየውን ሰዓት ግን አጣሩ። የአጎቴ ቪዲዮ ላይ ታቦቱ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ ጥጉ ላይ በፈረንጁ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2:15 ይላል። ካሜራው የዋሽንግተን ሰዓት ላይ ነበር፤ በክረምታቸው ከኛ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው። እዚህ ፈረንጁ 10:15፣ እኛ ከጠዋቱ 4:15 የምንለው ነው። እዚያው ካሴት ላይ ማልዶ የቀረጸው፣ በኛ ከጠዋቱ 1:30 የሆነው፣ ጃንዋሪ 19 ከምሽቱ 11:30 ይላል። ፋይሉን በዚያ ቀን ሰይሜው ከተራ ነው ብዬ ለዘመድ ልኬ ነበር። አጎቴ ራሱ ደወለ፦ «ከተራማ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ እኮ።»